«ገበሬው ነው የመረጣቸው» ለምትሉ ሁሉ

ባለፈው ሰሞን አራት ኪሎ አንድ ማኪያቶ ቤት ቁጭ ብለን፣ እንደ ልማዳችን አገር ስናፈርስና ስንገነባ፣ አንዱ ወዳጃችን ጠረጴዛውን መታ አደረገና ፍርዱን ሰጠ። «የዚህች አገር ችግር ገበሬው ነው! እኛ በ97 ጥለናቸው ነበር። ገበሬው ነው መልሶ የመረጣቸው!»

(በ97 ይሄ ወዳጄ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። «እኛ» ያለው እነማንን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። የማኪያቶውን ሒሳብ የሚከፍለው እሱ ነበር።)

በዚህ አላበቃም። ወደ እኔ ዞሮ፣ «የናንተ አገር ሰዎችማ! ንብ ሲሏቸው ንብ፣ አምፖል ሲሏቸው አምፖል» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን በሳቄ አፈርኩ። ይሄ ጽሑፍ የዚያ ማታ ዕዳ ነው።

«የናንተ አገር» የተባለው ንፋስ መውጫ ነው። ለማታውቁት፦ ከወረታ ወደ ወልዲያ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ፣ ደብረ ታቦርን አልፋችሁ፣ የጉናን ትከሻ ተሻግራችሁ የምታገኟት ከተማ ናት፤ የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ። ስሟን በከንቱ አላገኘችም። ጋቢ የሌለው ሰው ከመኪና ሲወርድ ወዲያው ይገባዋል። ወደ ደቡብ ስትወርዱ ታች ጋይንት ከነአርብ ገበያው፣ ስማዳ ከነወገዳው፣ እስቴ ከነመካነ ኢየሱሱ አለላችሁ። የድጓው ምስክር ቤት ቤተልሔም ያለው በዚሁ በጋይንት ነው። እንግዲህ ወግ አጥባቂ አገር ካላችሁ፣ ከዚህ የበለጠ ከየት ታመጣላችሁ?

እስቲ መዝገቡን እንግለጥ

መጀመሪያ የሕዝቡን መልክ እንይ። በ1999ኙ ቆጠራ ደቡብ ጎንደር ዞን ከ2 ሚሊዮን ትንሽ የሚበልጥ ሕዝብ ነበረው። ከመቶው ከተማ የሚኖረው 10 እንኳ አይሞላም። ከመቶው 96ቱ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነው፤ የቀረው አብዛኛው ሙስሊም። ብሔሩ ከሞላ ጎደል ሁሉም አማራ። ገበሬ፣ ምእመን፣ አንድ ቋንቋ ተናጋሪ፣ መሬቱ ጠባብ። የፖለቲካ ሳይንስ መምህር ይሄን ቢያይ «ይሄማ እስኪሞት አንድ ፓርቲ ነው የሚመርጠው» ብሎ ይተነብያል።

አሁን ምርጫውን። በንጉሡ ጊዜ የመጀመሪያው የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ የተካሄደው በ1950 ዓ.ም. መባቻ ነው። ፓርቲ የሚባል ነገር የለም፤ እጩ ለመሆን ንብረት ያስፈልጋል። በደርግ ጊዜ በ1979 ዓ.ም. የሸንጎ ምርጫ መጣ፤ እጩዎቹን የሚያቀርበው ኢሠፓና የኢሠፓ ዘመዶች ናቸው። ከዚያ ኢህአዴግ መጣና 1987፣ 1992፣ 1997፣ 2002፣ 2007 እያለ ቀጠለ። በ2013 ደግሞ ብልጽግና። በ2002 ኢህአዴግ ከነአጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰደ። የቀሩት ሁለቱ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ከፋ ነበሩ። በ2007 ይባስ ብሎ 547ቱንም። ስለዚህ ጋይንትም፣ ስማዳም፣ እስቴም ያለጥርጥር ንብ ናቸው።

«ታዲያ ልክ ነኝ!» ይላል ወዳጄ። ቆይ! 1997ን ዘለልካት።

በ1997 በአማራ ክልል ካሉት 138 የፓርላማ መቀመጫዎች ቅንጅት 50 ገደማ አሸንፏል። ይሄ ይፋው ውጤት ነው፤ ያውም ከአቤቱታውና ከድጋሚ ምርጫው በኋላ የተረፈው። ከእኛ ጨጨሆ ማዶ፣ ቡግና ላይ፣ አቶ በረከት ስምዖን በመጀመሪያው ቆጠራ ተሸንፈው ነበር፤ መቀመጫውን ያገኙት በነሐሴው ድጋሚ ምርጫ ነው። ቡግና እንግዲህ ቦሌ ውስጥ አይደለችም። እዚያ የኢህአዴግን ትልቅ ሰው የጣለው ማኪያቶ ጠጪ ሳይሆን ገበሬ ነው።

ያ ሁሉ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ የት ገባ? በ1997 እና በ2002 መካከል የጋይንት ገበሬ ሃይማኖቱን አልቀየረም፤ ብሔሩን አልቀየረም፤ የመሬቱም ስፋት አልጨመረም። የተቀየረው ሌላ ነገር ነው። እሱን ከማየታችን በፊት ግን አንዴ አሜሪካ ደርሰን እንመለስ። (ቪዛ አያስፈልግም።)

ኬንታኪ ደርሶ መልስ

ኬንታኪ በሚባለው ግዛት ውስጥ ኤሊየት የምትባል ትንሽ ካውንቲ አለች። ካውንቲ ማለት በእኛ ወረዳ በሉት። ሕዝቧ 7 ሺህ ገደማ ነው፤ ነጭ፣ ደሃ፣ ተራራማ አገር፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ። ኤሊየት የተመሠረተችው እ.ኤ.አ. በ1869 ሲሆን፣ ከ1872 እስከ 2012 በተደረጉት 36 ፕሬዚዳንታዊ ምርጫዎች አንድም ሳታዛንፍ ዴሞክራት መርጣለች። ባራክ ኦባማን ሳይቀር ሁለቴ! በ2016 ግን ከመቶ 70 ገደማ ድምጿን ለዶናልድ ትራምፕ ሰጥታ ቁጭ አለች። የ140 ዓመት ታማኝነት በአንድ ማክሰኞ ተደመደመ።

እዚያው ኬንታኪ ውስጥ ጃክሰን የምትባል ሌላ ካውንቲ አለች። እሷም ነጭ፣ እሷም ደሃ፣ እሷም ተራራ፣ እሷም ቤተ ክርስቲያን ሳሚ። ጃክሰን ግን ከእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ጀምሮ ሪፐብሊካን ናት። ሁለት እህትማማች መሳይ ካውንቲዎች፣ ሁለት ተቃራኒ ፓርቲ፣ ከመቶ ዓመት በላይ።

ከዚህ ሁለት ነገር ትማራላችሁ። አንደኛ፣ የሕዝብ ቁጥር ሠንጠረዥ ብቻውን ድምፅን አይተረጉምም። በዘር፣ በሃይማኖትና በድህነት አንድ የሆኑ ሰዎች ታሪካቸው ይለያቸዋል፤ በጦርነቱ ጊዜ አያቶቻቸው ከማን ጎን እንደቆሙ ይለያቸዋል። ሁለተኛ፣ ታማኝ የተባለ መራጭ በድንገት የሚከዳ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ታማኝነቱ ውል ነው። የውሉ አንዱ ወገን ሲፈርስ ሌላውም ይፈርሳል።

አሁን ደግሞ የሚያስቀናውን ልንገራችሁ። ስለ ኤሊየት ይሄን ሁሉ የምጽፈው አዲስ አበባ ተቀምጬ ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ያ ገጠር ማንን እንደመረጠ መዝገቡ አለ። እኔ ግን ተማሪ ሳለሁ፣ በ1997 የገዛ ወረዳዬ ቀበሌዎች ጣቢያ በጣቢያ እንዴት እንደመረጡ ለመጻፍ ፈልጌ አንድ ቢሮ ሄድኩ። «ደብዳቤ አምጪ» ተባልኩ። አመጣሁ። «ኃላፊው ስብሰባ ነው» ተባልኩ። ሦስተኛ ቀን ላይ አንድ ደግ ሰውዬ በሹክሹክታ «እህቴ፣ እሱ ወረቀት የለም፤ ሌላ ርዕስ ብትመርጪ ይሻልሻል» አለኝ። ሌላ ርዕስ መረጥኩ። እነሆ ምርጫ!

ድምፅ በስንዴ

አያቴ በ2002 ማንን እንደመረጠች አንድ ቀን ጠየቅኋት።

«እምዬ፣ ያኔ ለማን ነው የሰጠሽው?»

«ለስንዴው» አለችኝ።

«እንዴት ለስንዴው?»

«አንቺ ልጅ፣ ስንዴው የማን ነበር? የነሱ አይደል? እንግዲህ!»

ከዚህ ያጠረ የፖለቲካ ትንታኔ አንብባችሁ ታውቃላችሁ?

ለከተሜው ላብራራ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ሴፍትኔት የገባባቸው ወረዳዎች ናቸው። ፕሮግራሙ የጀመረው በዚያው በ1997 ነው። ያኔ ሰው ቀኑን ሙሉ እርከን ሠርቶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ የሚያገኘው 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። እናንተ የምትስቁበት 3 ኪሎ እህል እዚያ የክረምቱ ድልድይ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለው የሚወሰነው ቀበሌ ላይ ነው። ማዳበሪያው፣ ምርጥ ዘሩ፣ ብድሩም በዚያው በኩል ነው የሚያልፈው። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ገበሬው «የይዞታ» ደብተር ነው ያለው። በ1989 በክልሉ መሬት ሲሸነሸን «ቢሮክራት» እና «ቅሪተ ፊውዳል» የተባለ ሰው አንድ ሄክታር ብቻ እንደተተወለት ደግሞ ገበሬው አልረሳም። አንዲት ቃል መሬት እንደምታስነጥቅ በዓይኑ አይቷል።

በዚህ ላይ ከ1997 በኋላ የተደረገውን ጨምሩበት። አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ግጭቶች 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን ራሱ ቆጥሯል። ገጠሩ ላይ የሆነው ግን ድምፅ አልነበረውም። የኢህአዴግ አባል በ1997 ከነበረበት ከ7 መቶ ሺህ በላይ ተነሥቶ በ2000 ከ4 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ጎረቤት ከጎረቤት አንድ ለአምስት ተጠረነፈ። ከሚያርሰው አምስት ሰው አንዱ የሌሎቹን ሐሳብ ጠያቂ ሆነ። በጥቅምት 2003 ሂዩማን ራይትስ ዋች እርዳታው፣ ማዳበሪያውና ሴፍትኔቱ ለፓርቲ ድጋፍ መግዣ ሆኗል ብሎ ሪፖርት አወጣ። መንግሥት አስተባበለ። አያቴ ሪፖርቱን አላነበበችም፤ ማስተባበያውንም አልሰማችም። ሁለቱንም አላስፈለጋትም።

«ድምፅ አሰጣጡ እኮ ምስጢር ነው!» የሚለኝ አይጠፋም። ሕጉ ላይ አዎ። አንድ ጣቢያ ቢበዛ 1,500 መራጭ ነው የሚይዘው። ድምፁ እዚያው ተቆጥሮ ውጤቱ በሩ ላይ ይለጠፋል። ለከተማ ይሄ የግልጽነት ዋስትና ነው፤ ልክም ነው። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ቀበሌ ግን ለተቃዋሚ 4 ድምፅ ተገኘ ሲባል፣ አራቱ እነማን እንደሆኑ እስከ ማታ ይታወቃል። ባይታወቅ እንኳ ይገመታል። ግምቱ ደግሞ ከእውነቱ የከፋ ነው፤ ለምን ቢባል ያልመረጠውንም ያስቀጣል። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ምን ያደርጋል? ከአራቱ አንዱ እንዳይባል አራት የሚባል ነገር እንዳይኖር ያደርጋል። ከመቶ መቶ የሚመጣው እንዲህ ነው።

ወግ አጥባቂ ማለት ታዛዥ ማለት ነው?

አሁን ራሴን ልቃወም። ሁሉም ፈርቶ ነው የመረጠው ካልኩ እኔም ገበሬውን እንደ ወዳጄ ናቅሁት ማለት ነው። ከልቡ ንብን የመረጠም ነበር፤ ብዙም ነበር። እነሱን «የተታለሉ» ማለት አይገባም።

በ1997 አምሳ ዓመት የሞላው የጋይንት ሰው ያየውን አስቡት። የ1966ን ረሃብ አይቷል። የ1977ን ረሃብ አይቷል። ደርግ ብሔራዊ ውትድርና ብሎ ልጁን ከማሳ ላይ ሲያፍስ አይቷል። በ1982 ጦርነቱ ጉናና ደብረ ታቦር ላይ ሲጋጋም መድፉን ሰምቷል። ከዚያ በኋላ የመጣው መንግሥት ሌላ ምንም ባያደርግለት፣ ልጁን አላፈሰበትም። ጤና ኬላ ተሠራ፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ የቀበሌው መንገድ በጠጠር ተነጠፈ። ይሄ ሰው ንብ ላይ ምልክት ሲያደርግ ስለ አብዮታዊ ዴሞክራሲ ማሰቡ አይደለም። ጎመን በጤና ማለቱ ነው። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ማለቱ ነው። ወግ አጥባቂነት የሚባለውም ይኸው ነው፤ ያለችውን ይዞ የከፋው እንዳይመጣ መጠንቀቅ። ብዙ ነገር ያጣ ሰው ሒሳብ ነው። ሒሳቡ ደግሞ ስህተት አልነበረም።

እኛ ከተሜዎቹ ግን ወግ አጥባቂን ከታዛዥ ጋር አንድ እናደርገዋለን። በዚያ አገር «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» እንደሚባል እናውቃለን። በዚያው አገር ግን ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ሲነቅፍ እንደሚያድግ፣ አባወራው ግብር በዛ ሲለው ጫካ እንደሚገባ እንዘነጋለን። አባይ ማዶ ያለው የጎጃም ገበሬ እኮ በ1960 የእርሻ ገቢ ግብርን አልቀበልም ብሎ ከጃንሆይ ጋር ጠመንጃ ተማዟል፤ ያ ገበሬ ከጋይንቱ ያነሰ ወግ አጥባቂ አልነበረም። ወግ ያለው ሰው ወጉ ሲነካ ከማንም በፊት የሚነሣ ሰው ነው።

ከሰኔ 14 እስከ ነሐሴ 6

ያ ውል መቼ እንደፈረሰ ልንገራችሁ። ቀኑን ቆጥሬዋለሁ።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫ ነበር። ብልጽግና በመጀመሪያው ውጤት ከ436 መቀመጫ 410 ወሰደ፤ አብን 5 አገኘ። አዲስ አበባ ላይ «ታሪካዊ ምርጫ» ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምራችሁ 52 ቀን ቁጠሩ። ነሐሴ 6 ላይ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ቀን እስከ ነሐሴ 15 ባለው ጊዜ ውስጥ የሕወሓት ተዋጊዎች ንፋስ መውጫን ይዘው ነበር። ከተማው ተዘረፈ። 16 ሴቶች በእነዚያ ቀናት በተዋጊዎቹ መደፈራቸውን ለአምነስቲ ኢንተርናሽናል ተናግረዋል፤ ሪፖርቱ በኅዳር 2014 ወጥቷል። እነዚያ ሴቶች መራጮችም ናቸው። ከ52 ቀን በፊት ተሰልፈው ከነበሩት መካከል ይሆናሉ። እንዲህ ያለውን ነገር «ድምፃቸውን ለማን ሰጡ?» ከሚል ጨዋታ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ይከብደኛል። ግን ማስቀመጥ አለብኝ። ምክንያቱም ለጎመን በጤና የተሰጠ ድምፅ የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጤናውን።

ቀጥሎ የመጣውን ታውቁታላችሁ። በ2015 የክልሉ ገበሬ ማዳበሪያ አጣሁ ብሎ እስከ ባሕር ዳር ሄዶ ሰልፍ ወጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔቱ ተዘጋ፤ ጠመንጃው ተናገረ። ስንዴውም፣ ማዳበሪያውም፣ ሰላሙም፣ ውሉን ያቆሙት ሦስቱ ምሰሶዎች አንድ በአንድ ወደቁ። «ያ ጨዋ ሕዝብ ምን ነካው?» ብለው ለሚገረሙ ባለሥልጣናት መልሴ አጭር ነው፦ ከመቶ መቶ የመረጣችሁን ሕዝብ አንድ ቀን እንኳ ምን እንደሚያስብ አልጠየቃችሁትም። የራሳችሁን ድምፅ ነው ስትቆጥሩ የኖራችሁት። ገደል ማሚቶ ድጋፍ አይደለም።

ይሄ ለናንተም ነው፣ ለማኪያቶ ቤቱ ጉባኤ። ገዢው «ገበሬው ከጎኔ ነው» ሲል፣ እናንተ ደግሞ «ገበሬው ከጎናቸው ነው» ስትሉ፣ ያላችሁት አንድ ነገር ነው። ሁለታችሁም ያንን ከመቶ መቶ አምናችሁታል። ልዩነታችሁ እሱ መኩራቱ፣ እናንተ መናቃችሁ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይሁን?

«ወቀሳ ብቻ!» እንዳትሉኝ፣ የምጠይቀውን በዝርዝር ላስቀምጥ።

1ኛ. ከ1987 ጀምሮ የተደረጉት ምርጫዎች ውጤት ጣቢያ በጣቢያ፣ ያለው ሁሉ፣ ለሕዝብ ይውጣ። የጠፋም ካለ «ጠፍቷል» ተብሎ በግልጽ ይነገረን። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ያለፈ የኬንታኪ ገበሬ ድምፁ ተመዝግቦ ሲቀር፣ የአያቴ ድምፅ በሕይወት እያለች ለምን ይጠፋል?

2ኛ. ሕዝብ ይቆጠር! ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ይላል። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው። በ2009 ይደረጋል የተባለው ደጋግሞ ተራዘመ፤ በ2011 ፓርላማው እንደገና አራዘመው። እኔ በመጨረሻው ቆጠራ ጊዜ ፊደል እቆጥር ነበር፤ መንግሥት አሁንም እንደ ሕፃን ነው የሚያውቀኝ። ያኔም ቢሆን የአማራ ክልል ሕዝብ ከተጠበቀው በ2 ሚሊዮን ገደማ አንሶ መገኘቱ ፓርላማ ድረስ አከራክሯል። ስንት እንደሆንን ሳይታወቅ እንዴት እንደምናስብ አውቃለሁ የሚል ሰው ጠንቋይ ነው።

3ኛ. የሴፍትኔቱ ዝርዝር፣ የማዳበሪያው ወረፋና የፓርቲው መዝገብ በአንድ ሰው እጅ አይሁኑ። ቀበሌ ላይ ስንዴ የሚያድል ሰው የፓርቲ አደራጅ መሆን የለበትም፤ የትኛውም ፓርቲ ቢሆን። ነገ የምትወዱት ፓርቲ ቢያሸንፍም ይሄንኑ እላለሁ። በር ላይ የሚለጠፈው ውጤት የሚያስፈራው ውጤቱ ስለተለጠፈ አይደለም፤ ለጣፊውና አዳዩ አንድ ሰው ስለሆኑ ነው። ለያዩአቸው፤ ያኔ አራቱ ድምፆች በሰላም ያድራሉ።

4ኛ. ይቺ ለእኛ ናት። ገበሬውን ከመተርጎማችን በፊት እንጠይቀው። አብዛኞቻችን በአንድ ወይም በሁለት ትውልድ ከአንድ ጋይንት ነው የመጣነው። በዓል ስንሄድ በግና ቅቤ ይዘን ለመመለስ የምንቸኩለውን ያህል፣ ቁጭ ብለን «እምዬ፣ ያኔ ለማን ሰጠሽ? ለምን?» ብለን ብንጠይቅ ምን ይጎድለናል?

ወዳጄን በሌላ ቀን አገኘሁት። ይሄንን ሁሉ ሳልነግረው የአያቴን መልስ ብቻ ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «አባቴም እኮ ያኔ መሥሪያ ቤት አባል ሁን ተብሎ ፈርሟል» አለኝ። «ለምን?» አልኩት። «ለዕድገቱ ነዋ! ምን ያድርግ?» አለኝ።

እንግዲህ! የሱ አባት ለደመወዝ ዕድገት ሲፈርም «ምን ያድርግ» ከተባለ፣ የኔ አያት ለ3 ኪሎ ስንዴ ምልክት ስታደርግ «የዚህች አገር ችግር» የምትባልበትን ሕግ አሳዩኝ።

የዚያን ቀን ሒሳቡን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ በነፃነት ተናግሬያለሁ።

ቸር እንሰንብት!